ከገበያ የመጣችው ቀይ ዶሮ

ጋሼ ዘነበ፣

አውቶቡሱ ሊነሳ ነው፤ የጠቅላይ ግዛቱን የእንስሳት ሐኪም ፍለጋ ይርጋለም እየሄድኩ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሌላ አሥራ ሰባት ዶሮ ሞቶ አገኘሁ። ከስልሳዎቹ እንቁላል ጣዮቻችን የቀሩት ሃያ አንድ ናቸው፤ እነሱም አንገታቸው ተጣሟል።

ያቺን ከገበያ የገዟትን ቀይ ዶሮ ለብቻዋ እናቆያት ብዬ ለምኜዎት ነበር። «አንገቷን ያጣመማት ብርድ ነው» ብለው ሳቁብኝና ከፈረንጅ ዶሮዎቹ ጋር ቀላቀሏት።

ብርድ አይደለም፤ ፈንግል ነው!

የቀሩትን ቅዳሜ ገበያ አወጣለሁ ያሉትን ደግሞ እንዳያስቡት። በሽታውን ለዲላ ሰው ሁሉ ልናድል ነው? ጎረቤታችን እትዬ አትጠገብ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በአራት ዶሮ እንቁላል ነው። ወደ ግቢያችን እንዳይገቡ ይንገሯቸው። እርስዎም ዶሮ ቤት በገቡበት ጫማ እሳቸው ቤት አይሂዱ።

ሌላም አለ።

ክትባቱን አስከትቤያለሁ ያልኩዎት ውሸት ነበር። ከታቢው የመጣ ዕለት ይርጋ ጨፌ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ፊትዎን እያየሁ መናገር አቃተኝ።

ስመለስ እንደፈለጉ ይስደቡኝ። ዛሬ ግን የሞቱትን ጥልቅ አድርገው ይቅበሩ።

ታረቀኝ