ቦይ ቆፋሪዋ ልጄ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ውሃ ዛሬም የለም። ስምንተኛ ቀን። ልጄ ሩፋይዳ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ስለ ውሃ ስትመራመር ውላ መጣች። ራት ላይ አስረዳችኝ... ሰው ሠራሽ ቦይ ነው አለች፣ ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠነ። ውሃው አንድ በአንድ ተሰልፎ ያልፋል፣ ጨው ይቀራል። ሰልፉን ጉለሌም እናውቀዋለን፣ የጎደለን ውሃው ነው አልኳት። ሳቀች። "አንተ ደግሞ" አለችኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ በር ላይ ቆመን ጎረቤቴ ሸምሰዲን ልጅህ ምን ላይ ደረሰች አለኝ። ቦይ ትቆፍራለች፣ የባሕርን ጨው ልትለይ፤ ባሕሩን ገና እያፈላለግን ነው አልኩት። አብረውኝ የቆሙት አምስቱም ሳቁ። ጣፈጠኝ። ደገምኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሀያም የምትባል ሴት ከላይ ሰፈር መጣች። የፍሳሽ ቦይ ተደፍኖ ግቢዋ ሸቷል፣ ሩፋይዳ መጥታ ትይልኝ አለች። ከልቧ ነው።

ሩፋይዳ ማን እንደነገራት ጠየቀቻት።

"አባትሽ ናቸው። መስጊድ በር ላይ ያልሰማ የለም።"

ልጄ ቦቲዋን አድርጋ ወጣች፣ ቦዩን አየችላት፣ የደፈነው ፌስታል ነው ብላ ተመለሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

"ራት ይበላሉ?"

ይበላሉ? ሃያ አምስት ዓመት "አንተ" ስትለኝ የኖረች ልጅ... በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረገችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬም እርስዎ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ አፌን እጉመጠመጣለሁ። ምን ጠራልኝ? ለአምስት ሰው ሳቅ ልጄን ሰጠሁ። አስተግፊሩላህ።

ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። ሌላ ጠየቅኳት። ባሕር በሌለበት አገር ከጨው ጋር ምን አገናኘሽ?

"እማ ያደገችው አፋር፣ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣች ነው። ለእርስዎ አልነገረችዎትም?"

ሚስቴ ጀዊሪያ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ነግራኛለች። ያኔ ምን አልኳት? ወጥ ላይ ጨው መጨመር ቀርቶላችኋላ... ስቄ ነበር። እሷስ? አልሳቀችም። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

መስጊዱ በር ላይ፣ እነዚያው አምስቱ ፊት ተናገርኩ። የቀለድኩት ሳላውቅ ነው፣ ልጄ የምትደክመው የእናቷ አገር ሰው ጣፋጭ ውሃ እንዲጠጣ ነው አልኩ። አራቱ ወደየቤታቸው ሄዱ። ሸምሰዲን ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ፣ በር ላይ ያልኩትን ለሩፋይዳ ነግሮ፣ እስቲ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኝ ይለኛል። ቦዩ ጨውን እንደ ጥጥ ይመጥጠዋል እያልኩ ስራቀቅ ሩፋይዳ ምሳ ይዛ ገባች።

"አባ፣ ተሳሳትክ። አይመጥጠውም፣ አያሳልፈውም ነው ያልኩህ።"

ሸምሰዲን ከት ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ተሳሳትክ ነው ያለችኝ።