በእጅ የሚዞረው መብራት

ይድረስ ለምናፍቅሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን እንዴት ነሽ? አራሷ እህቴስ በረታች? ሕፃኑስ ጡት ያዘ? እስካሁን ስም አልወጣለትም አሉ። እሷ የአባዬን ስም ለልጇ ስትለምነው፣ «እኔ በቁሜ እያለሁ ስሜን ማንም አይወስድም!» ብሎ ያሳቀን ትዝ ይለኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ቦታው የለም።

እማዬ፣ ፈርቻለሁ። ባሕሩ ስለተቆጣ ጀልባ መውጣት አልቻለም፤ አባዬና ባሌ ጉልቨን ባሕሩ መሃል ካለው ከጥቁሩ አለት የመብራት ማማ አልወረዱም። የመብራቱ መዘውር ሳይሰበር አልቀረም፣ በእጃቸው ነው የሚያዞሩት። ብልጭታው እኩል አይመጣም።

የአባዬ አያት ኮረብታው ላይ እንጨት እያነደደ መርከብ ይመራ ነበር። ልጁ በዓሣ ዘይት አበራ። ኋላ በዚህ ዳርቻ ማማ በማማ ላይ ሲሠራ፣ የኛ ቤት ሰው ያላገለገለበት አንድም የለም። አባዬ ሞቅ ሲለው «ይሄ ባሕር የበራው በኛ ቤት እጅ ነው» ይል የለ? እንግዲህ የማማ ልጅ ነኝና፣ በእጅ ሲዞር የማን እጅ እንደሆነ አይጠፋኝም። አባዬን ያ የተጎዳው ትከሻው ያዝ ያደርገዋል፤ መብራቱ ትንፋሽ ወስዶ ይመለሳል። ጉልቨን ግን ችኩል ነው፣ እንደ አበላሉ።

እስከ እሑድ ሁለቱንም አይ ነበር፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካል። ከእሑድ ወዲህ ከምሽት እስከ ንጋት የጉልቨን እጅ ብቻ ነው። ሊነጋጋ ሲል እየዘገየ፣ እየዘገየ ይሄዳል። የሚተካው የለም።

ለመብራቶቹ አለቃ ሄጄ ነገርኳቸው። መብራቱ በርቶ የለም ወይ፣ ምን ያስለቅስሻል ብለው መለሱኝ። ጎረቤታችን አዜኖር፣ ባሏ ማማ ላይ የቀረባት፣ ትናንት መስኮቱ ጋ አብራኝ ቆመች። መብራቱን ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ነይ ተቀመጪ ልጄ፣ ሾርባ ልሥራልሽ» አለችኝ። ያን ጊዜ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ጉልቨን ብቻውን... እንዲህ ማለቴ አይደለም። ብቻ እንቅልፍ እንዳይጥለው ጸልዪለት፤ ማዶ የሚያልፉት መርከቦች እሱን ነው የሚያዩት።

ክርስትናው አባዬ እስኪመለስ ይቆይ ብላችሁ ነበር። አትጠብቁ እማዬ። ለሕፃኑ የአባዬን ስም ስጡት።

እመቤታችን ታጽናሽ።

የምትወድሽ ልጅሽ