ሄለን ስልኳን ስታስረክብ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ ሄለን ሥራ ለቀቀች። ቃሊቲ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ምሳ አብራኝ የምትበላው እሷ ብቻ ነበረች። የመሥሪያ ቤቱን ስልኮች የምቆጣጠረው እኔ ስለሆንኩ የእሷንም ተረከብኩ። ለሌላ ሠራተኛ ከማዘጋጀቴ በፊት፣ መሥራቱን ለማየት ከራሴ ስልክ ደወልኩበት። ስክሪኑ ላይ የወጣው ስሜ አይደለም፤ «አይቲ» ይላል።

ሄለንም አየችው። «ውይ ሰብልዬ! ገና ሳንተዋወቅ የመዘገብኩት እኮ ነው፤ ሳልቀይረው ቀረሁ።»

«ምን ችግር አለው» ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጠፋሁት።

በር ድረስ ሸኘኋት፤ ተቃቅፈን ተለያየን። አዲሱን ቁጥሯን አልሰጠችኝም፤ እኔም መጠየቅ አፈርኩ። አሁን ገላን ቤቴ ገብቼ፣ ትደውልልኝ ይሆናል እላለሁ። ግን የእኔ ቁጥር የነበራት እዚያ ስልክ ላይ ብቻ ነው...