ሳልጠየቅ የተመዘገብኩበት ፈተና

ለታላቅ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ? ባለቤትህና ልጅህስ እንዴት ናቸው? እኛ ደኅና ነን። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ደረጃውን ያለ ደጋፊ ትወርዳለች። ሰላምታዬ ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ግን ቁጣ ነው። በስልክ ልነግርህ ሦስቴ ደውዬ ሦስቴም ድምፅህን ስሰማ «ምንም አልሆንኩም» ብዬ ዘግቻለሁ። በወረቀት ግን አታቋርጠኝም።

የምሠራበትን የክሊኒኩን ካርድ ክፍል ከወሬዬ ታውቀዋለህ። መስኮት የለውም፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ መደርደሪያ ብቻ ነው። የትኛው ካርድ የት እንዳለ በቃላቸው የሚያውቁት «ጋሼ ኮምፒዩተር» የምንላቸው አዛውንት ብቻ ናቸው። እሳቸው የቀሩ ቀን ክሊኒኩም ይታመማል። እንደዚያ ባለ ቀን አንዲት እናት የታመመች ልጇን ታቅፋ፣ ካርድ ጠፍቶባት፣ ከጠዋት እስከ ቀትር በእግሯ ቆመች። ፕሮግራም መጻፍ ልማር ብዬ የተነሳሁት በዚያ ሳምንት ነው። አምስት ወር ሙሉ በየማለዳው ሥራ ከመግባቴ በፊት ተማርኩ። ቁጥር ሲሰጡት መደርደሪያውንና ረድፉን የሚናገር ትንሽ ፕሮግራምም ጻፍኩ። ጋሼ ኮምፒዩተር አሥር ቁጥር ጠርተው ፈተኑት፤ ዘጠኙን አገኘ። አሥረኛውን ለካ ራሳቸው ያለ ቦታው ሸጉጠውት ኖሯል፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከዚያ ኃላፊያችን ካርዶቹ ወደ ኮምፒዩተር ሊገቡ መሆኑን፣ ሥራውን የሚመራው ሰው ከመካከላችን እንደሚመረጥ፣ ለዚህም የጀማሪ ፕሮግራመር የምስክር ወረቀት እስከ ተቆረጠው ቀን ማቅረብ እንደሚያስፈልግ ነገረችን። ሁለት ፈተና አገኘሁ። አንደኛው ከተሰጡት መልሶች አንዱን የሚያስመርጥ ነው። ሁለተኛው ባዶ ስክሪን ፊት አስቀምጦ በሦስት ሰዓት ውስጥ አራት ፕሮግራም የሚያስጽፍ። ጋሼ ኮምፒዩተርን ባማክራቸው «መልሱን ይዞልሽ የሚመጣ በሽተኛ አለ እንዴ?» አሉኝ። ሁለተኛውን መረጥኩ። ሙያው ያንተ ነውና ለአንተም ነገርኩህ። «ጎበዝ የኔ እህት፣ ትክክለኛውን ነው የመረጥሽው፤ ምዝገባውን በኢንተርኔት እኔ እጨርስልሻለሁ» አልከኝ። አመንኩህ። የላክልኝ ወረቀት ላይ ቁጥር፣ አዳራሽና ሰዓት እንጂ የፈተናው ስም አልነበረም። ወንድሜ ነው ብዬ አልጠየቅኩም።

በፈተናው ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ የእማዬን ጥሩ ሹራብ ለብሼ ሄድኩ። ስክሪኑ ተከፈተ። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድን ቃል አድምቆ ለመጻፍ የቱን እንደምጫን ነው። ሁለተኛው ስለ ገጽ ቁጥር። የሌላ ሰው ወንበር ላይ የተቀመጥኩ መስሎኝ እጄን አወጣሁ። ተቆጣጣሪዋ መዝገቧን በጣቷ ተከትላ «የቢሮ ኮምፒዩተር አጠቃቀም፤ ስምሽ ይኸው፣ ስህተት የለም» አለችኝ። ፈተናውን አልናቅኩትም። አጠገቤ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ላብ በላብ ሆኖ ሲታገል አይቻለሁ፤ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ግን አልነበረም። በሩብ ሰዓት ጨርሼ ወጣሁ።

ቤት ስገባ እማዬ ፊቴን አይታ ገና ሳልጠይቃት ተናገረች። «ወንድምሽ ነው፤ ያኛው ይከብዳታል፣ ብትወድቅ እንደዚያን ጊዜ ትሰበርብናለች፣ ለቢሮ ሥራ ይሄኛው ይበቃታል አለኝ» አለች። አንጀቴ ተቃጠለ! እናንተ ከጀርባዬ መክራችሁ ስታበቁ እኔ በየሳምንቱ እየደወልኩ ያልገባኝን እጠይቅህ ነበር። አንተም እያስረዳህ «በርቺ» ትለኝ ነበር። ለየትኛው ፈተና ነበር የምበረታው? እንደማልቀመጥበት እያወቅክ እንዴት አፍህ እሺ አለህ?

«ያን ጊዜ» ያልከውን እኔም አልረሳሁትም። የትምህርት ቤቱን የመጨረሻ ፈተና ወድቄ ሁለት ሳምንት ከአልጋ አልወረድኩም። ውኃ የምታመጣልኝ አንተ ነበርክ፤ ውለታህን አልክድም። ግን ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ሠላሳ አንድ ሞልቶኛል። አንተ እዚያ ማዶ ሆነህ ዛሬም ከዚያ አልጋ አላወረድከኝም።

በማግሥቱ ራሴው ሄጄ ተመዘገብኩ። ከወር በኋላ ተፈተንኩና፣ ይኸው ልንገርህ፣ ወደቅኩ። ሦስተኛው ፕሮግራም ቆጠራውን ከአንድ ይልቅ ከዜሮ ጀምሮብኝ ሁሉንም አዛባው። እማዬ አልጋዬን አንጥፋ ጠበቀችኝ። እኔ ምሳዬን በልቼ ከሰዓት ሥራ ገባሁ፤ ጋሼ ኮምፒዩተር «የት ላይ ነው የሳትሽው?» ሲሉኝም ቁጭ ብዬ አሳየኋቸው። እንደገና ተመዘገብኩ። በዚህ መሐል ግን ኃላፊያችን የሰጠችው ቀነ ገደብ አለፈና ቦታው ለመድኃኒት ክፍሉ ሰውዬ ተሰጠ። ክፉ ሰው አይደለም። ባለፈው ሰኞ መጥቶ የጻፍኩት ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ እንዳስረዳው ለመነኝ፤ ጥርሴን ነክሼ አስረዳሁት። ትናንት ደግሜ የወሰድኩት ፈተና ውጤት መጣ፤ አልፌአለሁ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፤ ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጧል።

በጊዜው አስመዝግበኸኝ ቢሆን ወድቄም፣ ደግሜም እደርስ ነበር። የቀማኸኝ የመውደቂያ ጊዜዬን ነው። ለእማዬ ደውለህ «አስታርቂን» እንዳትላት፤ እሷን በዚያው ቀን ይቅር ብያታለሁ። ለእኔ ደውል። ምክንያት አትደርድርልኝ፤ «ዋሽቼሻለሁ» በለኝና ከዚያ የምንሆነውን እንሆናለን።

እማዬ ወገብህን ሙቅ ነገር እንድትይዝበት ብላለች። ጋሼ ኮምፒዩተር ባያውቁህም ሰላም ብለውሃል፤ ከእኔ የሰሙትን ግን ሰምተዋል። ባለቤትህን በእኔ ስም ሳማት፤ ከእሷ ጋር ቅያሜ የለኝም። ትንሿን ልጅህንም ጉንጯን ሳምልኝ። አድጋ አንድ ነገር ልሞክር ስትልህ፣ እባክህ፣ እሷ የመረጠችው ላይ አስመዝግባት።

ታናሽ እህትህ
ከካርድ ክፍሉ፣ በምሳ ሰዓት
ኅዳር 19 ቀን