ሁለት ጊዜ የሞቱት የወይዘሮ አልታየች አራጌ የሕይወት ታሪክ

ሐምሌ 9 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ኮሶ ሜዳ ከጦር ሰፈሩ አጥር ፊት ለፊት በሚገኘው ቤታቸው ወይዘሮ አልታየች አራጌ ሲናዘዙ አጠገባቸው የነበሩት የንስሐ አባታቸው ቄስ መለሰ፣ ልጃቸው ወይዘሮ ወርቂቱ ያለውና የብዙ ዘመን ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሀጀራ ጀብሪል ናቸው። ቄስ መለሰ፣ አቶ ብዙነህ ክንፈን ይቅር እንዲሉ ሦስት ጊዜ ለመኗቸው። ወይዘሮ አልታየችም፣ «አባቴ፣ ለእግዚአብሔር የሚነገረውን ለእርስዎ ተናግሬያለሁ። ለሰው የሚነገረው ደግሞ በቀብሬ ቀን ይነበብልኝ፤ አንድም ነገር እንዳይቀር» አሉ። ስለዚህ ምንም አልቀረም።

ወይዘሮ አልታየች ከአባታቸው ከአቶ አራጌና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጡ በመስከረም ወር 1925 ዓ.ም. ከመካነ ሰላም የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው በኮሶ ሜዳ ተወለዱ። ያን ጊዜ ኮሶ ሜዳ ከተማ አልነበረችም። ዘጠኝ ጎጆ፣ አንድ ምንጭና የገብስ ማሳ ነበረች። በ1942 ዓ.ም. ከአቶ ያለው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወርቂቱንና አባተን ወለዱ። አባተን ክርስትና ያነሡት ጎረቤታቸው አቶ ብዙነህ ክንፈ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች አበልጆች ሆኑ፤ በሬ ተቀናጅተው አረሱ፣ ባንድ አውድማ ወቁ።

በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ ቀረ፤ ገብሱ ሳይዘራ፣ በሬዎቹም ሳይተርፉ ክረምቱ አለፈ። በነሐሴ ወር ቤተሰቡ ወደ ደሴ መንገድ ለመሰደድ ሲነሣ አቶ ያለው ቀንበራቸውን ተሸክመው አቶ ብዙነህ ቤት አስቀመጡ። በአገራችን አራሽ ቀንበሩን አበልጁ ቤት ትቶ ከሄደ፣ እመለሳለሁና መሬቴን ጠብቅልኝ ማለቱ ነው። አቶ ብዙነህም ቀንበሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ «ሂድ ወንድሜ፣ እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል!» አሉ። ወይዘሮ ሀጀራ ያን ጊዜ በቦታው ነበሩ።

አቶ ያለውና የአሥራ አንድ ዓመቱ አባተ በኅዳር 1966 ዓ.ም. መጠለያ ውስጥ በአራት ቀን ልዩነት ዐረፉ። ከብዙ ሰው ጋር ስለተቀበሩ መቃብራቸው አይታወቅም። ወይዘሮ አልታየች ወርቂቱን ይዘው ኮምቦልቻ ወረዱና እንጨት እየተሸከሙ አንድ ዓመት ተኩል ኖሩ። አብዮቱ መሬት ለአራሹ ማለቱን በሰው ሬዲዮ ሲሰሙ፣ «የራሴን ሊሰጡኝ ነው» ብለው በግንቦት 1967 ዓ.ም. በእግራቸው ተመለሱ።

በማሳቸው ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኙ። በዚያው ዓመት በጥር ወር አንድ ሻምበል ጦር መጥቶ ሜዳውን ሲለካ፣ የጦሩ አዛዥ የመሬቱን ባለቤት ጠይቀው ነበር። አቶ ብዙነህ ወደ ፊት ወጥተው፣ «ባለቤቶቹ አልቀዋል ጌታዬ፣ ዘርም የላቸው» ብለው በሰነዱ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ወይዘሮ ሀጀራ ለወታደሮቹ ውኃ ቀድተው ሲያልፉ ይህን በጆሯቸው ሰምተዋል። «ያ አላህ፣ ቀንበራቸው ቤትህ አይደለም እንዴ?» ቢሏቸው፣ አቶ ብዙነህ፣ «አንቺ ውኃሽን ቅጂ» ብለው መለሱላቸው። በወሩ ከጦር ሰፈሩ በር ላይ ጠጅ ቤት ከፈቱ።

ወይዘሮ አልታየች ወደ ገበሬ ማኅበሩ ቢሄዱ ሊቀመንበሩ አቶ ብዙነህ ነበሩ። ቀንበራቸውን ሲጠይቁ፣ «ነድዷል» ተባሉ። መሬት ሲጠይቁ፣ «ለሞተ ሰው መሬት አይመራም» ተብለው በጉባኤ ፊት ተሳቀባቸው።

በታኅሣሥ ወር 1968 ዓ.ም. ወይዘሮ አልታየች ወግዲ ለሚኖሩት የአቶ ብዙነህ ዘመዶች መርዶ ላኩ። ቅዳሜ፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ኮሶ ሜዳ ገቡ። የአቶ ብዙነህ እኅት ጠጉራቸውን ተላጭተው ፊታቸውን ነጭተው ነበር። አቶ ብዙነህን ያገኟቸው ጠጅ ቤታቸው ደጃፍ ከአንድ የጦር ሰፈሩ መቶ አለቃ ጋር ጥሬ ሥጋ ሲቆርጡ ነው። ወይዘሮ አልታየችም ከሕዝቡ መካከል፣ «እናንተ ሰዎች፣ አልቀዋል የተባለ ሰው እንዴት ሥጋ ይቆርጣል? እኔም እንዲህ ነበር የሞትኩት!» አሉ። የአቶ ብዙነህ እኅት እስከ ዕለተ ሞታቸው የወንድማቸውን ደጅ አልረገጡም።

በዚህ የተነሣ ወይዘሮ አልታየች ሦስት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ ወይዘሮ ሀጀራ ከጓሯቸው ቆርሰው በሰጧቸው ቦታ፣ በጠጅ ቤቱ ትይዩ ይህን ቤት ሠሩ። ከዚያች ዕለት አንሥቶ አቶ ብዙነህ ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ፣ ወይዘሮ አልታየች እንደምን አደሩ በማለት ፈንታ፣ «ነፍስ ይማር» ይሏቸው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት አንድም ቀን አላቋረጡም። ምክንያቱን የማያውቁ አዳዲስ ወታደሮች ጠጅ ቤቱን «ሟቹ ቤት» አሉት። ቀጥሎ አካባቢው ሁሉ ሟች ሰፈር ተባለ፤ ዛሬም የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

በ1970 ዓ.ም. ሻምበሉ ሻለቃ ሆነ። ሚሊሺያ የሚሠለጥንበት ሜዳ ሲከለል አጥሩ ምንጩን ይዞ ገባ። ወፍጮ ተተከለ፤ ልብስ ሰፊዎችና የወታደር ሚስቶች መጡ፤ ቆርቆሮ ቤት በቆርቆሮ ቤት ላይ ተደረበ። አቶ ብዙነህ ሦስት ቤት አከራዩ። ወይዘሮ አልታየች ለወታደር ሁሉ ቂጣና ቆሎ ሲሸጡ፣ ከአቶ ብዙነህ ቤት ለተላከ ሰው ግን አንድ እፍኝ ሽጠው አያውቁም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው በ1973 ዓ.ም. የምስክር ወረቀት እንደተቀበሉ በቀጥታ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዱ፤ የመሬቱን ሰነድ አስወጥተው «አልቀዋል» የሚለውን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ ራሳቸው አነበቡ። የሰነዱን ቁጥር እስከ መጨረሻው በቃላቸው ያውቁት ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ተመልሶ መጣ። ሻለቃው ብርጌድ ሆኖ አጥሩ እንደገና ተገፋ፤ አሁን ከወይዘሮ አልታየች ደጃፍ በስምንት እርምጃ ላይ ነው። አቶ ብዙነህ በዚያ ዓመት ወደ ሩቅ አገር ለሰፈራ የሚሄዱ ሰዎችን ዝርዝር ሲያዘጋጁ የወይዘሮ አልታየችን ስም በመጀመሪያው መስመር አስጻፉ። ወይዘሮ አልታየች የሰፈራ መዝጋቢው ፊት ቀርበው፣ «ልጄ፣ እኔ በ1967 ሞቻለሁ። ሙት የት ይሰፍራል? ያላመነ ሰነዱን ያውጣ» ብለው ቁጥሩን ነገሯቸው። ሰነዱ ወጣ። መዝጋቢው አንዴ ሰነዱን፣ አንዴ አቶ ብዙነህን አይተው፣ «የትኛው ነው እውነቱ፣ ጓድ ሊቀመንበር?» አሉ። የወይዘሮ አልታየች ስም ተሰረዘ። አቶ ብዙነህም በዚያው ሳምንት ከሊቀመንበርነታቸው ተነሡ። ወይዘሮ አልታየች በሕይወታቸው እንደዚያን ቀን ሲስቁ ታይተው አያውቁም።

በ1983 ዓ.ም. አንዱ ጦር ወጥቶ ሌላው ገባ። አጥሩ ግን አንድ ስንዝር አልተመለሰም።

ወይዘሮ አልታየች በጉበት ሕመም ሰባት ወር ከማቀቁ በኋላ ሐምሌ 12 ቀን 1984 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ይህኛው ሞታቸው እውነት ነው። ከልጃቸው ከወይዘሮ ወርቂቱ አራት የልጅ ልጆች አይተዋል። በሚሄዱበት አገር እግዚአብሔር ማንም የማይለካው ማሳ ይስጣቸው፤ በዚያ በር ላይ ስለ እሳቸው ምስክር ሆኖ የሚቆም ጎረቤት አያግኛቸው።

ትናንት አቶ ብዙነህ ስማቸው ከዚህ ጽሑፍ እንዲወጣ ሽማግሌ ልከው ነበር። ወይዘሮ ወርቂቱ፣ «አባቴ ያስቀመጠው ቀንበር ይምጣ፤ ስሙ ይወጣል» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ስማቸው አልወጣም። ዛሬ ጠዋት ፍትሐት ከሚደረግባቸው ሰባት ማረፊያዎች አራተኛው፣ በኑዛዜያቸው መሠረት፣ የአቶ ብዙነህ ደጃፍ ሆነ። ሳጥኑ እዚያ ወርዶ ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆየ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር።