ምሰሶውን የደገፈው ትከሻ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሩይሼንግ፤ የጋንሱ ብርድና አሸዋ እንዴት ይዞሃል? እኔ ቤጂንግ ተቀምጬ ስጽፍ ከመወፈሬ በቀር ደህና ነኝ።

የጻፍኩት፣ በጥንት መቃብር ውስጥ ሀብት የሚፈልጉ አሳሾች ድራማ በቴሌቪዥን መታየት ጀምሯል። የመቃብሩ ዋሻ ሲደረመስ አንዱ ምሰሶውን በትከሻው ደግፎ ጓደኛውን ያስወጣዋል፤ አገር አለቀሰ። ተዋናዩ፣ «መምህር ሹ፣ ታሪኩ የልጅነትዎ ነው አሉ፤ ምሰሶውን የያዙት እርስዎ ነዎት?» ቢለኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ትሕትና ነው ብሎ ለጋዜጠኞች አወራው።

እናታችን ደውላ፣ «የተሰበረው የወንድምህ ትከሻ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ። መስመሩ ተቋረጠ፤ እውነቱን ለመናገር ዘጋሁት።

ቴሌቪዥኔ ተበላሸ ብለኸኝ ነበር። ለማሠራት አትቸኩል፤ ለዓይንም አይበጅም። ለአዲስ ዓመት ስመጣ እኔው አሠራልሃለሁ፤ ያኔ ድራማውም ያልቃል።

ጉልበትህን ስሜ እሰናበታለሁ፤
ታናሽህ ሹ ሩይሚን