ንግሥቴን ይቅርታ ጠይቆ ለበላው ኮሚቴ

ለተከበሩ የዝግታ ቼዝ የኢንተርኔት ውድድር ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለኮሚቴው አባላት (ስንት እንደሆናችሁ እስከ ዛሬ የነገረን ባይኖርም) ጤናውን፣ ለተቀመጣችሁበት ወንበር ደግሞ ጽናቱን እንዲሰጥልኝ እመኛለሁ። በእኔ በኩል ከጥርጣሬ በቀር ደህና ነኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በውድድራችሁ ግማሽ ፍጻሜ ላይ እገኛለሁ። ለአንድ እርምጃ አሥር ቀን በሚፈቅደው ደንባችሁ መሠረት ይህን ጨዋታ ስጀምር ለአንድ ሙሽራ ሱፍ እየለካሁ ነበር። ሙሽራው ዘንድሮ ለልጁ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሊያሰፋ መጣ፤ ጨዋታው ግን ገና ወገቡ ላይ ነው። በዚህ ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም ደንበኞቼ በመዘግየት ሲከሱኝ እናንተን እየጠቀስኩ እጽናናለሁ።

ባላጋራዬ እኛ ተጫዋቾቹ «ጋሽ ፍሬኑ» የምንለው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አሥሩንም ቀን ሳያሟጥጥ ወታደር እንኳ አያንቀሳቅስም። ፊቱን አይቼው አላውቅም። ደንባችሁ አድራሻ መለዋወጥን ስለሚከለክል ስልክ ቁጥሩም የለኝም። ነገር ግን ከእያንዳንዱ እርምጃ ጋር አንድ መስመር መልእክት እንድንጽፍ ስለፈቀዳችሁልን፣ በዚያች መስመር የግራ ጉልበቱን ሕመም፣ የልጁን ቁጣና የጎረቤቱን ውሻ ከገዛ ወንድሞቼ ኑሮ ይበልጥ አውቃለሁ። ባለቤቴ «ከሰውዬው ጋር ተጋብታችሁ ቢሆን ይህን ጊዜ ልጅ ድራችሁ ነበር» ትላለች። ከእሱ መምጣቱን የማልጠራጠረው የመጨረሻው መልእክት «ዓይኔ እያስቸገረኝ ነው ወንድምዓለም፤ ፈረስህ አህያ መስሎ እየታየኝ ነው» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ቀጥሏል፤ ሰውየው ግን ያለ አልመሰለኝም። እንደሚከተለው በትሕትና አስረዳለሁ።

፩. ጋሽ ፍሬኑ በድንገት ፈጠነ። መፍጠን ብቻ ቢሆን መድኃኒት ተስማምቶት ነው እል ነበር። ነገር ግን ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ይጀምራል፣ ምሳ ሰዓት ይጠፋል፣ ማታ ቢሮ ሲዘጋ ያቆማል፤ ቅዳሜና እሁድ ከነጭራሹ የለም። ጡረተኛ ሰው ከእሁድ ምን ይሸሻል? እኔ መቼም ክፉ አላሰብኩም፤ ያላሰብኩት ግን ለሦስት እርምጃ ያህል ነው።

፪. «ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ?» ብዬ ብጽፍለት «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ደረሰኝ። ጉልበት እንደሚያብጥ፣ ዝናብ ሲመጣ እንደሚጠዘጥዝ፣ ደረጃ ሲያይ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። በሂደት ላይ ያለ ጉልበት ግን በሰውም በከብትም ሰምቼ አላውቅም።

፫. በዚህ ተጨንቄ ወደ እናንተ ጻፍኩ። የተጫዋቾች የግል ሁኔታ ምስጢር መሆኑን፣ የተጠቀሱት ግለሰብ «ንቁ ተጫዋች» መሆናቸውንም ገለጻችሁልኝ። ስለ ፈጣን ምላሻችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ፍጥነቱም አዲሱን ጋሽ ፍሬኑን አስታወሰኝ። ያን ዕለት ከገጻችሁ አናት ላይ ያለውን «ከዚህ ውድድር አቋርጦ የወጣ ተጫዋች የለም» የሚለውን መፈክር ደግሜ አነበብኩት። ድሮ ያኮራኝ ነበር። አሁን ግን በሩ ከውጭ የተቆለፈ ቤት መሰለኝ፤ አንድ ሰው ከወጣ መፈክሩን ማውረድ ሊኖርባችሁ ነውና።

፬. እዚህ ላይ በእኛ በተጫዋቾቹ ዘንድ ያለውን፣ በደንባችሁ ያልተጻፈ ልማድ ላስረዳ። ስልክ ላይ ጣት ይንሸራተታል። ሰው ሳያስበው ትልቅ ጠጠር ጥሎ ሲያልፍ ባላጋራው አይነካበትም፤ «እጅህ ነው ወይስ ሐሳብህ?» ብሎ ይጽፍና ይጠብቃል። «እጄ ነው» ከተባለ ያስመልሰዋል። ጋሽ ፍሬኑ በዚህ መንገድ ፈረሴን ሁለት ጊዜ መልሶልኛል፤ በሁለተኛው «እጅህን ቁረጠውና ለባለቤትህ ስጣት» የሚል ምክር ጨምሮበታል። እንግዲህ ባለፈው ሳምንት መተኮሻዬን አስቀምጬ፣ አውቄ፣ ንግሥቴን ከባላጋራዬ ወታደር አፍ ውስጥ ከተትኳት። ጋሽ ፍሬኑ ካለ ይጠይቀኛል ብዬ ነው።

መልሱ የአንድ ሱሪ ቁልፍ ሰፍቼ ሳልጨርስ መጣ። ንግሥቴ ተበልታለች። ከሥሩም «ንግሥትዎን በመውሰዳችን ለደረሰብዎ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ቼዝ ስጫወት ብዙ ሰው በልቶኛል። አንዳንዱ ስቆብኛል፣ አንዳንዱ ሰድቦኛል። በብዙ ቁጥር ይቅርታ እየጠየቀ የበላኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። በጨዋነታችሁ ተነክቻለሁ።

ዋንጫውን አልጠይቅም፤ ንግሥቴንም ብሉልኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሰው አለ ወይስ የለም? ታሞ ከሆነ ልጠይቀው፤ ሞቶ ከሆነም ልቅሶ ልድረስ። የሰው ሞት እንኳ ለወዳጅ ይነገራል፣ ያውም ጎሕ ሳይቀድ። እኔ ግን ለምን ያህል ጊዜ ከሬሳ ጋር ስለ ጉልበት እንደተጨዋወትኩ አላውቅም። ለሞተ ወዳጄ ቢሆን ንጉሤን በደስታ አስረክብ ነበር፤ ለኮሚቴ ግን አንድ ወታደር አልመርቅም።

የምትሰጡኝን ምላሽ፣ እርሱም በሂደት ላይ መሆኑን አስቀድሜ በመረዳት፣ በታላቅ አክብሮት እጠባበቃለሁ።

የማይቸኩለው፣ ነገር ግን የማይረሳው፣
በጠጠርም በመርፌም ትእግሥቱን ያስመሰከረው
ታዛዣችሁ ልብስ ሰፊው

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ ከመላኬ በፊት በተጫዋቾች መወያያ ገጽ ላይ ከሱቄ ስልክ ቁጥር ጋር ለጥፌው ነበር። የጋሽ ፍሬኑ ልጅ አንብባው ሱቄ ደወለች። ቁጣዋ አባቷ እንደጻፈልኝ ነው። አባቷ አለ፤ ዓይኑ ግን ሰሌዳ ማየት ተስኖታል። በዚህ ምክንያት ከውድድሩ መውጣቱን ከነገረቻችሁ ከርሟል፤ ለእኔም ስንብቱን እንድታደርሱለት አደራ ጥላባችሁ ነበር። ስልኩን ሰጠችው። የጠጠሮቹን አሰላለፍ አንድ በአንድ አነበብኩለት። «ንግሥትህን ለእነዚህ ነው የሰጠሃት? በል ተወው፤ ፈረሶችህ የት የት እንዳሉ ድገምልኝ» አለኝ። ደንባችሁ ከሌላ ሰው ምክር መቀበልን እንደሚከለክል አውቃለሁ። ነገር ግን በመዝገባችሁ መሠረት ጋሽ ፍሬኑ ከእኔ ማዶ ተቀምጦ በንቃት እየተጫወተብኝ ስለሆነ፣ እኔን ሊመክር አይችልም። አሁን አልጋው ላይ ተጋድሞ ቀጣዩን እርምጃችንን እያሰበ ነው። አስቦ ከመጨረሱ በፊት ከእናንተ መካከል ጡረታ የሚወጣ ካለ፣ ቦታውን ለተተኪው በሚገባ እንዲያስረክብ በአክብሮት አሳስባለሁ።